የቻርልስተን ደወልና የሌሊቱ ሮንድ፦ በባርነት የተያዙትን ይጠብቁ የነበሩት እነማን ናቸው?

ካሮላይና_ሹፌር (ክሩን የከፈተ) · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ታሪክ አዋቂ አይደለሁም። አሜሪካ፣ ደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ ቻርልስተን ከተማ ውስጥ ታክሲ ነው የምነዳው። ባለፈው ሳምንት አንድ አዛውንት ጥቁር አሜሪካዊ ከነሚስታቸው ጭኜ ብሮድ እና ሚቲንግ ጎዳና መገናኛ ላይ ቀይ መብራት ያዘን። ነጩ የቅዱስ ሚካኤል ቤተክርስቲያን እዚያ ማዕዘን ላይ ነው ያለው። ሰውየው ወደ ማማው ቀና ብለው "ይሄ ደወል ለእኛ ሰዎች የጸሎት አልነበረም" አሉ። ሚስታቸው ክንዳቸውን ያዝ አደረጓቸው። መብራቱ ለቀቀን፣ ነዳሁ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረም።

እኔ እኮ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር "ሚካኤል ጠብቀኝ" እያልኩ ሳማትብ ነው የኖርኩት። ቤት ገብቼ ስፈልግ "የባሪያ ፓትሮል" የሚባል ነገር ወጣ። ግማሹ አልገባኝም። ምን ነበሩ? ፖሊስ? ወታደር? ወይስ እንደ ሰፈራችን ሮንድ? የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ።

---

ቀበና_ልጅ · ከምሽቱ 4፡22

ባሪያ ፈንጋይ ማለት አይደለም እንዴ? በእኛም አገር ነበር።

---

ጡረተኛው_መምህር · ከምሽቱ 5፡05

ልጄ ሹፌሩ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ሦስት ነገር ገምተህ ሦስተኛው ነው የቀረበው። ሮንድ ነበር።

ቀበና፣ ፈንጋይ ሌላ ነው። ፈንጋይ ነጻውን ሰው ይዞ ባሪያ የሚያደርግ ነው። ፓትሮሉ ደግሞ ቀድሞ በባርነት የተያዘውን ሰው ከተያዘበት እንዳይነቃነቅ የሚጠብቅ። ሌላም አለ። በገንዘብ የሚቀጠርና ውሻ አስከትሎ የጠፋ ሰው እያደነ የሚይዝ የግል አሳዳጅ ነበር፤ በእርሻው ላይ ጅራፍ ይዞ የሚያሠራ ተቆጣጣሪም ነበር። እነዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ በአንድ ላይ ይቀላቀላሉ። ፓትሮል ግን የሕግ ግዴታ ነው። ደመወዝተኛ ሳይሆን ተረኛ ነው የሚወጣው። (ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።)

ነገሩ ከባርባዶስ ደሴት ይጀምራል። እንግሊዞች እዚያ ሸንኮራ ያመርቱ ነበር። በ1661 በባርነት የተያዙትን የሚገዛ ሙሉ ሕግ አወጡ። ካሮላይና በ1670 ስትቆረቆር ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ብዙዎቹ ከባርባዶስ የመጡ ነበሩ። ሰውም ሕግም ይዘው መጡ። በ1704 ደቡብ ካሮላይና የመጀመሪያውን የፓትሮል ሕግ አወጣች። ለምን በዚያ ዓመት? እንግሊዝ ከስፔንና ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ላይ ነበረች። ስፔኖች ደግሞ ፍሎሪዳ ላይ፣ አፍንጫ ሥር ናቸው። የአገሬው ሚሊሺያ ወደ ጠረፍ ቢዘምት እርሻው ላይ የሚቀሩትን ማን ይጠብቃል? ስለዚህ ከሚሊሺያው ተቀንሶ እቤት የሚቀር ፈረሰኛ ቡድን ተቋቋመ።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1708 አካባቢ በዚያች ቅኝ ግዛት ጥቁሮቹ ከነጮቹ በቁጥር በልጠው ነበር። ሩዙን የሚያለሙት እነሱ ናቸው። ከዚያ ቨርጂኒያ በ1727፣ ሰሜን ካሮላይና በ1753 ተከተሉ። ጆርጂያ ይገርማል። ስትመሠረት ባርነትን ከልክላ ነበር። ክልከላው በ1751 ተነሳ። በ1757 የፓትሮል ሕግ ነበራት። ስድስት ዓመት ብቻ ነው የፈጀው።

አሠራሩን ነገ እጽፋለሁ፣ ዓይኔ ደከመ።

---

ሚሚ_ዘሲያትል · ከምሽቱ 5፡11

መምህር እባክዎን እንዳይረሱ። ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩ ነው።

---

የክሩ_አስተናባሪ · እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡30

አንድ ማሳሰቢያ። እዚህ "ባሪያ" የሚለውን ቃል ስትጽፉ አስቡበት። በአማርኛችን ታሪክ ብቻ አይደለም፣ ዛሬም ስድብ ነው። ዛሬም በሰፈርና በትምህርት ቤት የሚጠሩበት ሰዎች ይህን ክር ሊያነቡ ይችላሉ። ስለ ሕጉ ስም ስታወሩ ተጠቀሙ፣ ስለ ሰዎቹ ግን "በባርነት የተያዙ" ብትሉ ይሻላል። ትናንት ሁለት አስተያየት ሰርዣለሁ። ሦስተኛ እንዳታስጨምሩኝ።

---

ጡረተኛው_መምህር · እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡40

አስተናባሪ፣ ልክ ነህ። ይስተካከላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አገሩ በትናንሽ ቀጠና ይከፈላል። ለእያንዳንዱ ቀጠና አንድ ሹም አለ። ሹሙ ከሚሊሺያው መዝገብ ስም እየጠራ ጥቂት ሰዎች ይመድባል። ለተወሰኑ ወራት ተረኛ ናቸው። ሌሊት በፈረስ ይወጣሉ። ሽጉጥ፣ ጅራፍና ገመድ ይይዛሉ። ከእርሻ ወደ እርሻ እየዞሩ በባርነት የተያዙት ሰዎች ጎጆ ሳያንኳኩ ይገባሉ። መሣሪያ ይፈልጋሉ። እንግዳ ሰው አድሮ እንደሆነ ያያሉ። በኋላ በኋላ መጽሐፍም ይፈልጉ ነበር። የጆርጂያው ሕግ እያንዳንዱን እርሻ በወር አንድ ጊዜ እንዲፈትሹ ያዛል፣ ካለ ፈቃድ ከእርሻው ውጭ የተገኘውን እስከ 20 ጅራፍ እንዲገርፉም ይፈቅዳል። ዳኛ የለም፣ ክስ የለም። መንገድ ላይ፣ በጨለማ፣ እዚያው።

አሁን ዋናውን ነገር ልበል። እነዚህ ሰዎች ከሌላ የመጡ ጨካኞች አልነበሩም። የሰፈር ሰዎች ናቸው። ቀን እርሻውን የሚያርስ፣ ሱቅ የሚጠብቅ፣ እሑድ ቤተክርስቲያን ከፊት ወንበር የሚቀመጥ። "ዛሬ ተራህ ነው" ሲባል የሚወጣ። ቢቀር ይቀጣል። ሀብታም ከሆነ ቅጣቱን ይከፍላል ወይም ምትክ ይልካል። በሰሜን ካሮላይና ደግሞ ለሚወጡት ከመንገድ ሥራና ከግብር ማቅለያ ተሰጥቷቸዋል። ብዙ ሰው "ድሃ ነጮች ነበሩ የሚያደርጉት" ብሎ ይገላገላል። በ1700ዎቹ የተረኞች ዝርዝር ላይ ግን መሬት ያላቸው፣ ራሳቸው ሰው በባርነት የያዙ፣ የተከበሩ ሰዎች ስም በብዛት አለ።

---

ቀበና_ልጅ · እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡02

መምህር ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ ነገር ግን የደርግን ጊዜ አስታወሰኝ። አባቴ ከቀበሌ ተመድቦ ሮንድ ይወጣ ነበር። ባትሪና ዱላ ይዞ። ክፍለ ሀገር ለመሄድም የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር ይላል። ሰዓት እላፊው ደግሞ አይወራ።

---

ጡረተኛው_መምህር · እሑድ፣ ከጠዋቱ 4：30

እኔም ወጥቻለሁ ልጄ፣ ከአባትህ ጋር ሳንተዋወቅ አንቀርም። ለመረዳት ይጠቅምሃል፣ ለማነጻጸር ግን ተጠንቀቅ። እኔ ሮንድ ስወጣ ማግስቱ ሌሊት የምጠረጥረው ጎረቤቴ ተረኛ ሆኖ እኔን "ቁም!" ሊለኝ ይችላል። እዚያ ተራው አይዞርም። ጠባቂው ሁልጊዜ ጠባቂ ነው፣ ተጠባቂው ከነልጅ ልጁ ተጠባቂ። ሰውየውም በሕጉ ፊት የሌላ ሰው ንብረት ነው። ፓትሮሉ አብዝቶ ቢገርፈው ፍርድ ቤት ከሳሽ የሚሆነው ተገራፊው አይደለም። "ንብረቴን አበላሸብኝ" ብሎ ባለቤት ተብዬው ነው። እንዲህ ያሉ ክሶች በእርግጥም ነበሩ።

---

ስቶኖ_ወንዝ · እሑድ፣ ከቀኑ 7፡15

ስሜን እዩና ለምን እንደገባሁ ይገባችኋል። እኔም ከቻርልስተን ብዙ አልርቅም። 1739ን ሳታነሱ ይህን ክር ልትጨርሱ ነው እንዴ?

እሑድ፣ መስከረም 9 ቀን 1739። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በስቶኖ ወንዝ አጠገብ ተሰበሰቡ። መሪያቸው ጄሚ ይባላል። መሣሪያ የሚሸጥበትን ሱቅ ሰብረው ሁለቱን ባለሱቆች ገደሉ፣ ጠመንጃውንና ባሩዱን ያዙ። ከዚያ ከበሮ እየመቱ፣ ባንዲራ ይዘው ወደ ደቡብ ተጓዙ። ወዴት? ወደ ስፔን ፍሎሪዳ። የስፔን ንጉሥ ከእንግሊዝ ግዛት ሸሽቶ ለሚመጣ ሰው ነጻነት እሰጣለሁ ብሎ ነበር። በ1738 ቅዱስ አውጉስጢኖስ ከተማ አጠገብ ሞሴ የሚባል የነጻ ጥቁሮች ምሽግ ተመሥርቶ ነበር። ወሬው እስከ ካሮላይና ደርሷል።

ብዙዎቹ ከኮንጎ መንግሥት የመጡ ካቶሊኮች ነበሩ ይባላል። በካቶሊኮች አቆጣጠር መስከረም 8 የእመቤታችን ልደት ነው። ለዚያ ነው ቀኑን የመረጡት የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። እኔ ቢሆንም ባይሆንም ደስ ይለኛል።

በመንገዳቸው ቁጥራቸው ጨመረ፣ ከ20 በላይ ነጮችን ገደሉ። ከዚያ አንድ አጋጣሚ ሆነ። የቅኝ ግዛቱ ምክትል ገዥ ዊልያም ቡል በፈረስ ሲመጣ ፊት ለፊት ተገናኙ። ፈረሱን አዙሮ አመለጠና ሚሊሺያውን አስነሳ። ከሰዓት በኋላ ኤዲስቶ ወንዝ ሳይሻገሩ ደረሱባቸው።

ልብ በሉ፣ 35 ዓመት ሙሉ የፓትሮል ሕግ ነበረ። ያን ቀን ግን ያገኛቸው ፓትሮል አልነበረም፣ በአጋጣሚ የሚያልፍ አንድ ሹም ነው። ከዚያስ? ሕጉ የበለጠ ጠበቀ። ነጭ ወንዶች እሑድ ቤተክርስቲያን ሲመጡ ጠመንጃ እንዲይዙ የሚያስገድድ ሕግም አመጹ ከመድረሱ በፊት ወጥቶ ነበር፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ሊጸና ቀጠሮ ነበረው። የእነ ጄሚ ጉዞ ሦስት ሳምንት ቀደመው።

---

ነገረ_ፈጅ · እሑድ፣ ከቀኑ 9፡00

ከዚያ አመጽ በኋላ ደቡብ ካሮላይና በ1740 ያወጣችውን የባርነት ሕግ፣ የሕግ ትምህርት ቤት እያለሁ አንብቤዋለሁ። አንድ አንቀጽ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በባርነት የተያዘን ሰው *መጻፍ* ማስተማር ይከለክላል። ቅጣቱ 100 ፓውንድ ነው። ማንበብን አይጠቅስም፣ መጻፍን ነው የለየው። ለምን ይመስላችኋል?

---

ፊደል_ገበታ · እሑድ፣ ከቀኑ 9፡20

የይለፍ ወረቀቱን እንዳይጽፉ ነዋ!

ነገረ ፈጅ፣ ይሄ የእኔ ርዕስ ነው፣ ልውሰደው። ፓትሮሉ ሁሉ የቆመው በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ ነው። "ይህን ሰው እገሌ እርሻ ድረስ አሳልፉት፣ እሑድ ማታ ይመለሳል"፣ ከሥሩ ፊርማ። ከዚያ በላይ የለውም። ሚስትህ ሌላ እርሻ ላይ ከሆነች እሷን ለማየት ወረቀት ያስፈልግሃል። ከረፈደብህ ወረቀቱም አያድንህም።

አሁን አስቡት። ይህን ማሽን ለማበላሸት ጠመንጃ አያስፈልግም። ብዕር ይበቃል። አንዳንዱ ተረኛ ራሱ በደንብ አያነብም ነበር፣ ወረቀቱን ገልብጦ ይዞ የሚያይም ነበረ ይባላል።

ፍሬድሪክ ዳግላስን፣ ከባርነት አምልጦ ታዋቂ ጸሐፊ የሆነውን፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በልጅነቱ ፊደል ያስጀመረችው የባለቤት ተብዬው ዘመድ ሚስት ናት፣ ባሏ ሲያውቅ አስቆማት። እሱ ግን ከመንገድ ልጆች እየለቃቀመ ተማረ። በ1836 ሜሪላንድ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ለመጥፋት ተማከሩ። ጊዜው ፋሲካ ነው። ለእያንዳንዳቸው የይለፍ ወረቀት ጻፈ፣ ለበዓል ወደ ባልቲሞር እንዲሄዱ የተፈቀደላቸው አስመስሎ። በጠዋቱ ግን ሰው ጠቁሟቸው ተያዙ። የራሱን ወረቀት እሳት ውስጥ ጣለ። ታስረው ሲሄዱ ሄንሪ የሚባለው ጓደኛው "የኔን ምን ላድርገው?" አለው። "ከብስኩትህ ጋር ብላው" አለው። በሉት። ማስረጃው ሆድ ገባ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1838 በመጨረሻ ሲያመልጥስ? መርከበኛ ለብሶ፣ ከሌላ ሰው የተዋሰውን የመርከበኛ ወረቀት ይዞ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የመልክ መግለጫ ከእሱ ጋር አይመሳሰልም ነበር። የባቡሩ ቲኬት ቆራጭ እንደነገሩ አይቶት አለፈ።

---

ሚሚ_ዘሲያትል · እሑድ፣ ከቀኑ 9፡31

ብላው! 😂 ወይ ጉድ። እያለቀስኩ ሳቅኩ።

---

ቦስተን_ቡና · እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡45

ሁላችሁም ቀስ በሉ። ዛሬ በየቪዲዮው "የአሜሪካ ፖሊስ የተወለደው ከባሪያ ፓትሮል ነው" ሲባል እሰማለሁ። እኔ ያለሁት ቦስተን ነው። እዚህ የሌሊት ዘብ ከ1600ዎቹ ጀምሮ ነበር፣ የከተማ ፖሊስ በ1838 ተቋቋመ። ኒውዮርክ በ1845። አርዓያቸው የ1829 የለንደን ፖሊስ ነው እንጂ የካሮላይና ፈረሰኛ አይደለም። ታሪክ ስናወራ እውነቱን እናውራ።

---

ነገረ_ፈጅ · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡10

ቦስተን ወንድሜ፣ ግማሹ ልክ ነህ። ለሰሜኑ ልክ ነህ። ደቡብ ግን ና።

ቻርልስተን ከአሜሪካ የነጻነት ጦርነት በኋላ፣ ከ1783 ጀምሮ የከተማ ዘብ ነበራት። ዩኒፎርም የለበሰ፣ ጠመንጃ የታጠቀ፣ ደመወዝ የሚቆረጥለት። ከቦስተን 55 ዓመት በፊት ማለት ነው። ዋና ሥራው ምን ነበር? ሰዓት እላፊ ማስከበርና የጥቁሩን ሕዝብ መቆጣጠር። ኒው ኦርሊንስም በ1805 እንዲሁ አደረገች። በ1822 ዴንማርክ ቬሲ የሚባል፣ በሎተሪ ባገኘው ገንዘብ ራሱን ነጻ ያወጣ አናጢ፣ አመጽ አሲሯል ተብሎ ከሌሎች 34 ሰዎች ጋር ተሰቀለ። ከዚያ በኋላ ዘቡ ተጠናከረ፣ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤትም ተሠራ። ያ ግምጃ ቤት በ1842 ወታደራዊ ኮሌጅ ሆነ፣ ሲታደል የሚባለው። ሹፌሩ በየቀኑ ተማሪዎቹን ሳይጭን አይቀርም።

ስለዚህ "አሜሪካ ሁሉ" ብትሉ ስህተት ነው። "ደቡብ ከተሞች" ብትሉ ግን ክርክሩ ያለቀ ይመስለኛል።

---

ቦስተን_ቡና · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡25

እሺ፣ ይሄ ሚዛናዊ ነው። የደቡቡን አላውቅም ነበር።

---

ስቶኖ_ወንዝ · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡33

ቦስተንም ግን አልዳነችም። የ1850ውን የስደተኛ ባሪያዎች ሕግ አትርሳት። ፓትሮሉን አገር አቀፍ አደረገው። ማንም ዜጋ አሳዳጁን እንዲረዳ ይታዘዛል። የሸሸ ሰው የደበቀ እስከ 1,000 ዶላር ቅጣትና እስከ ስድስት ወር እስራት። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚሽነር ሰውየውን ወደ ባርነት ከመለሰው 10 ዶላር ይከፈለዋል፣ ነጻ ከለቀቀው 5። (ለተጨማሪው ወረቀት ሥራ ነው ብለው ነበር። እኔ ምንም አልልም።) በ1854 ከባርነት የሸሸውን አንተኒ በርንስን ከቦስተን መልሰው ሲወስዱት ወታደር መንገዱን ሞልቶ ነበር፣ ሕዝቡ በመስኮት ጥቁር ጨርቅ ሰቅሎ ነበር። የራስህ ከተማ ነው።

---

ቦስተን_ቡና · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40

በርንስ የተፈረደበትን ፍርድ ቤት ቦታ አውቀዋለሁ። ነገ በምሳ ሰዓት አልፍበታለሁ።

---

ካሮላይና_ሹፌር · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡00

ጉድ ነው። እናንተ ትጽፋላችሁ፣ እኔ በየቀይ መብራቱ አነባለሁ (ቆሜ ነው፣ አትቆጡኝ)። ግን ደወሉ? ደወሉን ማንም አልመለሰልኝም።

---

ስቶኖ_ወንዝ · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡12

ይቅርታ ወንድሜ፣ እውነትህን ነው። የሚካኤል ደወል የሰዓት እላፊ ደወል ነበር። በክረምት በፈረንጅ 9 ሰዓት፣ በበጋ 10 ሰዓት። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 እና 4። የፈረንጅ በጋና ክረምት ነው፣ የእኛን አትገልብጥበት። ከደወሉ በኋላ ወረቀት ሳይዝ መንገድ ላይ የተገኘ ጥቁር ሰው ይያዛል። የዘቡ ቤት የት ነበር መሰለህ? እዚያው መገናኛ ላይ፣ ከቤተክርስቲያኑ ትይዩ። በ1886ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰ። አሁን ቦታው ላይ ፖስታ ቤቱና የፌዴራል ፍርድ ቤቱ አለ። አዛውንቱ ያኔ የቆማችሁበትን ቦታ በደንብ ነው የሚያውቁት።

---

ሚሚ_ዘሲያትል · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡20

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰዎቹስ? ዝም ብለው ይገረፉ ነበር? ሁልጊዜ ስለ ገራፊው እናወራለን።

---

ፊደል_ገበታ · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡50

ሚሚዬ፣ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

በ1936 እና 1938 መካከል መንግሥት ጸሐፊዎች ቀጥሮ በባርነት የኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶችን አነጋገረ። ከ2,300 በላይ ቃለ መጠይቅ አለ፣ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነጻ ይነበባል። ፓትሮሉን "ፓተሮለር" ይሉታል። ልጆች የሚፈሩበት የጅብ ያህል ስም ነው። የሚያወሩት ግን ፍርሃት ብቻ አይደለም።

በጨለማ መንገድ ላይ የወይን ሐረግ ከዛፍ ዛፍ ይወጥራሉ። ፈረሰኞቹ እየጋለቡ ሲመጡ ፈረሱም ሰውየውም ይዘረጋል። ይህን ሲያወሩ የ90 ዓመት ሽማግሌዎቹ ሲስቁ ይሰማችኋል። ውሻ እንዳያሸታቸው እግራቸውን በተርፐንታይን ወይም በሽንኩርት ያሻሉ። ማታ ተደብቀው ሲጸልዩ ደግሞ ትልቁን የብረት ድስት በር ላይ ይደፋሉ። ድምፁን ድስቱ ይይዘዋል፣ ውጭ አይሰማም ብለው ነው። ይሠራ አይሠራ ተዉት። እኔ ኩሽናዬ ውስጥ ትልቁን ድስት ባየሁ ቁጥር ያ ነው የሚመጣብኝ።

ራሷ ከባርነት አምልጣ ሌሎችን ለማስመለጥ ትመላለስ የነበረችው ሃሪየት ተብማን ደግሞ ሰዎችን ይዛ ስትወጣ ቅዳሜ ማታ ትመርጥ ነበር። የጠፋ ሰው ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ከሰኞ በፊት አይወጣማ። የእነሱን የሥራ ቀን ቆጥራ ነው የምትንቀሳቀሰው።

ከቦታው ያልራቁትም አሉ። በቨርጂኒያና በሰሜን ካሮላይና ድንበር ያለው ትልቁ ረግረግ ውስጥ ገብተው ፓትሮል የማይደርስበት ቦታ ለዓመታት የኖሩ፣ ልጅ የወለዱ።

---

ቀበና_ልጅ · እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡05

ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ግን ይሄ ሁሉ አበቃ አይደል? 1865።

---

ነገረ_ፈጅ · እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡30

ሕጉ አበቃ። ወረቀቱ ተመለሰ። በዚያው በ1865 መጨረሻ ሚሲሲፒ ያወጣችው ሕግ ነጻ የወጡት ሰዎች በየዓመቱ ጥር ላይ ሥራ እንዳላቸው የሚያሳይ የጽሑፍ ማስረጃ እንዲይዙ ያዛል። የሌለው "ቦዘኔ" ተብሎ ይያዛል። ቅጣቱን መክፈል ካልቻለ ለሚከፍልለት ሰው በጉልበት ይከራያል። ፈረሰኞቹም ተመለሱ። በቴነሲ ፑላስኪ ከተማ የተመሠረተው የነጮች የሽብር ቡድን ኩ ክለክስ ክላን ሌሊት ፊቱን ሸፍኖ መዞር ሲጀምር፣ ፊደል ገበታ ያለቻቸው ሽማግሌዎች ብዙዎቹ በቃለ መጠይቁ ላይ ሁለቱን አይለዩም። "ፓተሮለርና ክላን" እያሉ በአንድ እስትንፋስ ነው የሚጠሩት። ጸሐፊዎቹ ተደናግረው ሊሆን ይችላል ብዬ ነበር በፊት። አሁን ግን ሽማግሌዎቹ በደንብ የለዩ ይመስለኛል። ፈረሱም መንገዱም አንድ ነበረ።

---

ቀበና_ልጅ · እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡38

የእኛስ? ፈረንጅ ላይ ብቻ ጣት መጠቆም ልክ አይመስለኝም።

---

ጡረተኛው_መምህር · እሑድ፣ ከምሽቱ 5፡00

ልክ ነህ ልጄ። በእኛ አገር ባርነትን የሚገድበው አዋጅ በ1916 ዓ.ም. ወጣ፣ አገራችን የመንግሥታቱ ማኅበር አባል በሆነች ማግስት። ሙሉ በሙሉ የሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። (እነዚህ ሁለቱ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) ከአሜሪካ 77 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እኔ ያደግሁበት ቤት ውስጥ ከየት እንደመጣች የማይነገርላት አንዲት አሮጊት ነበረች። "እማማ" እንላታለን። ከአባቴ ጋር ገበታ አትቀርብም። አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ለዚህ የተለየ ክር ክፈት፣ እጽፍበታለሁ። እዚህ ግን የሹፌሩን ጥያቄ አንሻማው።

---

ካሮላይና_ሹፌር · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡15

ተመልሻለሁ። ዛሬ እረፍቴ ስለሆነ የቻርልስተን ሙዚየም ሄጄ ነበር። እዚህ ማንም ያላነሳውን ነገር አየሁ። ባጅ። ከመዳብ የተሠራ፣ ትንሽ፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ። በከተማው ውስጥ ለሌላ ሰው ሥራ እንዲከራዩ የሚላኩ ሰዎች የሚይዙት ነው። በየዓመቱ ይቀየራል፣ ባለቤት ተብዬው ለከተማው ከፍሎ ያወጣዋል። "ቻርልስተን" ይላል፣ ቁጥር አለው፣ ዓመት አለው፣ ሥራው ተጽፎበታል። ተሸካሚ። አገልጋይ። ዓሣ አጥማጅ። ስም የለውም። ከላይ ክር የሚገባበት ቀዳዳ አለ።

ስወጣ መገናኛው ላይ ቀይ መብራት ያዘኝ። እጄ እንደለመደው ወደ ግንባሬ ሄደ። አማተብኩ፣ ግን ምን ብዬ እንደማማትብ ለትንሽ ጊዜ ጠፋኝ። ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋብኝ።

---

ፊደል_ገበታ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡40

ወንድሜ እኔ በሚቀጥለው ወር ከአትላንታ ከልጆቼ ጋር ልመጣ ነው። ባጁን ላሳያቸው እፈልጋለሁ። ሙዚየሙ አጠገብ መኪና ማቆሚያ ይገኛል?

---

ካሮላይና_ሹፌር · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡44

መኪናሽን እኔ ቤት አቁሚና እኔ አደርሳችኋለሁ እህቴ። በብሮድ ጎዳና በኩል ነው የምወስዳችሁ። ልጆቹ መስኮት በኩል ይቀመጡ።